ክሌይ ባር ለመኪና መስታወትና ለቸርኬ

ክሌይ ባር በእጅ እየታሸ ቅርፁ የሚለዋወጥ ሊጥ መሰል የጽዳት ዕቃ ነው። በውሃና በሻምፖ ያልለቀቀውን፣ በመኪናው ገጽ ላይ ተጣብቆ የቀረውን ቆሻሻ ነቅሎ ያነሳል። ስሙ ሸክላን ቢያስታውስም አፈር የለበትም፤ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ ከእጅግ ደቃቅ የመሞረጃ ዱቄት ጋር ተለውሶ የሚሠራ ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመኪና ቀለም ጋር ቢሆንም፣ ውጤቱ ቶሎ የሚታየው በመስታወት ላይ ነው፤ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ በቸርኬ ላይ ነው።

አመጣጥ

መነሻው ጃፓን ነው። መጀመሪያ ያገለገለው በቀለም ርጭት ጊዜ በሌሎች መኪኖች ላይ የሚያርፈውን ብናኝ ለማንሳት እንደነበር ይነገራል። ጃፓናዊው ታዳኦ ኮዳቴ እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ቁጥሩ 5,476,416 የሆነ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አግኝተዋል። ሰነዱ ዕቃውን «ተጣጣፊ የፕላስቲክ መሞረጃ ድንጋይ» ይለዋል፤ ይህ አጠራር «ክሌይ» ከሚለው ይልቅ ሥራውን በትክክል ይገልጻል። በአሜሪካ ገበያ አውቶ ዋክስ ካምፓኒ «ክሌይ ማጂክ» በሚል ስም አስተዋወቀው፤ በኋላ ማዘርስና መጓየርስ የተባሉት ኩባንያዎችም የየራሳቸውን አቀረቡ። ተፈላጊ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የባቡር ብናኝ ነው። አዳዲስ መኪኖች በባቡር ሲጓጓዙ ከሀዲዱና ከመንኮራኩሩ የሚፈናጠር የብረት ብናኝ ቀለሙ ላይ ያርፍና ዝጎ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ፓተንቱ ጊዜው ካለፈ ወዲህ አምራቹ በዝቷል።

ዓይነቶቹ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ ናቸው። ቀለማቸው ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ለስላሳ አይደለም፤ ማሸጊያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

መስታወት

የተጣበቀ ቆሻሻ መኖሩ የሚታወቀው በእጅ ነው። መስታወቱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ከትቶ ቀስ ብሎ መዳሰስ ይበቃል፤ በባዶ ጣት የማይሰማ ሻካራነት በፌስታሉ በኩል ይሰማል። የዝናብ መጥረጊያው አዲስ ጎማ ተገጥሞለትም እየዘለለ የሚጮህ ከሆነ መንስኤው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፦ የዛፍ ሙጫ፣ የነፍሳት ቅሪት፣ የጭስ ቅባት፣ የሬንጅ ብናኝ።

ከ200 ግራም ክሌይ 50 ግራም ያህሉን ቆርጦ በሦስት ጣት ስፋት ጠፍጠፍ ማድረግ ይበቃል። ክሌዩ ከደረቀ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት ያለሰልሰዋል። የፊት መስታወቱን 40 በ40 ሴንቲ ሜትር በሚያህሉ ክፍሎች እየከፋፈሉ፣ ማለስለሻውን፣ ማለትም ክሌዩን የሚያንሸራትተውን ፈሳሽ፣ በመስታወቱም በክሌዩም ላይ በደንብ ረጭቶ፣ ያለ ግፊት በቀጥታ መስመር ወዲያና ወዲህ ማንሸራተት ነው። ሲጀመር ድምፁና መያዙ ይሰማል፤ ሲጸዳ ክሌዩ ያለ ድምፅ ይንሸራተታል። ክሌዩ ከያዘና ከተጎተተ ማለስለሻው አንሷል። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ አጥፎ አሽቶ ንጹሑን ገጽ ማውጣት ግዴታ ነው።

ለማለስለሻነት ለዚሁ የተሠራ ፈሳሽ ይሻላል። በ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር የመኪና ሻምፖ መጠቀምም ይቻላል፤ ሳሙና አንዳንድ ክሌዮችን ቶሎ ያፈርሳል የሚሉ አሉ። የልብስ ሳሙና ዱቄት ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ያልሟሟው ቅንጣት ይጭራል።

መስታወት ከቀለም ስለሚጠነክር መካከለኛውን ዓይነት ይችላል። ክሌይ የሚሠራው ግን በውጪው ገጽ ብቻ ነው። በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ጥቁር ፊልም ይጭራል፤ የኋላ መስታወት ማሞቂያ መስመሮችንም ሊጎዳ ይችላል። ጠጠር የሰነጠቀውን ቦታ ዞሮ ማለፍ ይገባል፤ ፍርፋሪው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሥራው ሲያልቅ መስታወቱን በአልኮል በራሰ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ማበስ፣ የመጥረጊያውን ጎማ ከንፈርም በዚያው ማጽዳት ይጠቅማል።

ክሌይ የማይፈታው ነገር አለ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ጠንካራ ውሃ ባለበት ከተማ መስታወት ላይ የሚቀረው ነጭ የኖራ ነጠብጣብ በእኩል ውሃ በተበረዘ ነጭ ኮምጣጤ ለጥቂት ደቂቃ ርሶ ሊለቅ ይችላል። መስታወቱን በልቶ የገባው ግን ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ የመስታወት መወልወያ ዱቄት ይፈልጋል። የመጥረጊያ ጭረትና የአሸዋ ጥርብም በክሌይ አይጠፋም።

ቸርኬ

የቸርኬ ቆሻሻ ከመስታወቱ በባሕርዩ ይለያል። ፍሬን ሲያዝ ከዲስኩና ከፍሬን ሸራው የሚወጣው ትኩስ የብረት ብናኝ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። ስለዚህ ክሌይ የመጀመሪያ ሳይሆን የመጨረሻ እርምጃ መሆን አለበት። ብናኙ ሳይቀልጥ ክሌይ ከተጀመረ የተነቀለው ብረት ክሌዩ ውስጥ ተሰክቶ ቸርኬውን ይሞርደዋል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ቸርኬው መጀመሪያ በደንብ ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ቸርኬ ላይ የተረጨ ኬሚካል ደርቆ እድፍ ያወጣል። ለብቻው በተለየ ባልዲና ብሩሽ ይታጠባል። ሬንጅ ካለ በሬንጅ ማስለቀቂያ ይነሳል፤ ነጭ ጋዝ የሚጠቀም ሰው ጨርቅ ነክሮ ነጠብጣቡን ብቻ ማበስና ወዲያው ማጠብ አለበት፣ ጎማው ላይ ከፈሰሰ ጎማውን ይጎዳል። ቀጥሎ የብረት ማሟሚያ፣ ማለትም የተጣበቀውን የብረት ብናኝ የሚያሟሟ ኬሚካል፣ ይረጫል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ብረት ባለበት ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ይፈሳል። ሽታው የድኝ ነው። ሳይደርቅ በብዙ ውሃ ይታጠባል፣ ካስፈለገም ይደገማል። ከዚህ በኋላ ሻካራ ሆኖ ለቀረው ቦታ ብቻ ትንሽ ክሌይና ብዙ ማለስለሻ ይበቃል። ማሟሚያው በተስፋፋበት ዘመን ቸርኬ ላይ ክሌይ አያስፈልግም የሚል ክርክር አለ። ሆኖም የሬንጅና የሙጫ ቅሪትን ማሟሚያው አይነካውም፤ በዳዶዎቹ ዙሪያም ክሌይ በእርግጥ የተሻለ ነው።

ማት (የማያብለጨልጭ) ቀለም የተቀባ ቸርኬ በክሌይ አይታሽም፤ እየለሰለሰ ያብለጨልጫል። ቀለምም መከላከያም በሌለው አልሙኒየም ላይ ኮምጣጤም ሆነ ሌላ አሲድ አይደረግም። ማለስለሻው በፍሬን ዲስክ ላይ ከፈሰሰ በውሃ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ከመንዳት በፊትም መኪናውን በቀስታ እያንቀሳቀሱ ፍሬኑን ደጋግሞ መያዝ ያስፈልጋል።

ቸርኬ የነካ ክሌይ ወደ መስታወት፣ በተለይም ወደ ቀለም አይመለስም። በሁለት የተለያዩ ሣጥኖች ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይህን ስህተት ይከላከላል። መሬት የወደቀ ክሌይም፣ ውድ ቢሆንም፣ ይጣላል፤ ውስጡ የገባው አሸዋ በማጠብ አይወጣም። በክሌይ ምትክ የሚሸጠው ጎማ ለበስ ጓንት ግን ቢወድቅ ታጥቦ ያገለግላል። የተረፈው ክሌይ ማለስለሻ ተረጭቶበት በተዘጋ ሣጥን፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል።