በግል ጀልባ ጠመንጃ ይዞ ባሕር ማቋረጥ

በግል ጀልባ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ጠመንጃ ይዞ መሄድ ይችላል? ባሕሩ መሀል ላይ ብዙ ጊዜ ይችላል። ጣጣው የሚመጣው ወደብ ሲደርስ ነው። ጀልባዋ ያቺው ናት፣ ጠመንጃውም ያው ነው፤ ሕጉ ግን በየወደቡ ይለያያል። አንዱ ደሴት ላይ መዝግበው የሚያሳልፉት መሣሪያ የሚቀጥለው ደሴት ላይ ባለቤቱን እስር ቤት ሊከተው ይችላል።

ለሰንዳፋ፣ ለሱሉልታ፣ ለቡራዩ ወይም ለገላን ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ ይመስል ይሆናል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ካጣች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ግን ከአዲስ አበባ በደብረ ዘይት መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ሲሉ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር፣ የባሕርተኞች ማሰልጠኛ አለ። ከዚያ የወጡ ልጆች የዓለምን ወደቦች እየዞሩ ይሠራሉ። ውጭ የሚኖሩ ዘመዶቻችንም በሰው ጀልባ ላይ ተቀጥረው ወይም ተጋብዘው ይሳፈራሉ። የጀልባው ባለቤት አልጋው ሥር ምን እንደደበቀ ሳያውቁ አብረው የሚፈተሹት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የኛም ነው።

ደግሞ የከተማው ዳርቻ ነዋሪ መሣሪያና ፍተሻ ምን እንደሆኑ ያውቃል። ሚኒባሱ ኬላ ላይ ይቆማል። “መታወቂያ ይዛችሁ ውረዱ” ይባላል። ወንዶች በአንድ በኩል ተሰልፈው እጃቸውን ዘርጋ ያደርጋሉ፤ ሴቶችን ሴት ፈታሽ ትፈትሻለች። ፌስታሉም ከረጢቱም ይከፈታል። ገጠር ውስጥ ከአባት የተወረሰ ምንሽር ጓዳ ውስጥ ቢገኝ ጎረቤት አይደነቅም። ኬላው ላይ ግን የሚጠየቀው ፈቃዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ቁጥጥሩንም በዋናነት ለፌዴራል ፖሊስ ሰጥቷል። አባቴ አወረሰኝ ማለት ብቻውን አያሳልፍም። ባሕር ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ኬላው ብዙ መሆኑና እያንዳንዱ የየራሱ አዋጅ ያለው መሆኑ ነው።

የሕጉ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ነው። በዚህ ስምምነት መሠረት ነፃ ባሕር ላይ፣ ማለትም የማንም አገር ግዛት ባልሆነ ውሃ ላይ፣ ያለ ጀልባ በመርህ ደረጃ የሚገዛው ባንዲራውን በሚያውለበልብለት አገር ሕግ ነው። ያ አገር ጠመንጃውን ከፈቀደና ፈቃዱ ካለ፣ እዚያ ላይ ሌላ አገር “ለምን ያዝክ” ብሎ አይጠይቅም። ከባሕር ዳርቻው 12 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ ያለው ውሃ ግን የባለ አገሩ ግዛት ነው። እስከ 24 ኖቲካል ማይል ድረስም የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ቁጥጥር ማድረግ ይችላል። ሰላማዊ ሆኖ ማለፍ የተፈቀደ ነው፤ በዚያ ውሃ ላይ በመሣሪያ መለማመድ ግን ሰላማዊ ማለፍ አይባልም። መልሕቅ ተጥሎ ወደብ ከተገባ በኋላ ደግሞ የሚሠራው የወደቡ አገር ሕግ ነው። የራስህ አገር ፈቃድ እዚያ የሚጠቅመው መሣሪያው የተሰረቀ አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ነው።

አገሮች የሚያደርጉት ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዶቹ ይመዘግቡና ጀልባው ላይ ተቆልፎ እንዲቆይ ይፈቅዳሉ። ባሃማስ የዚህ ምሳሌ ናት፤ የመሣሪያው ዓይነት፣ መለያ ቁጥሩና የጥይቱ ብዛት ይጻፋል፣ መሣሪያውን ይዞ የብስ መውረድ ክልክል ነው። ሌሎቹ ተረክበው ያስቀምጣሉ፤ ትሪኒዳድና ቶቤጎ እንዲህ ታደርጋለች። የቀሩት ጨርሶ አይፈልጉም ወይም በጣም ያጠብቃሉ። ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ የሚሰጠው የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ አንዲት ሽጉጥ ይዞ መግባት ለዓመታት ሊያሳስር ይችላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ሽጉጥን ለግለሰብ ከሞላ ጎደል ዘግታለች። ካናዳ ለአደን የሚሆን ረጅም ጠመንጃ አስመዝግቦ ማስገባትን ትፈቅዳለች፤ “ከሰው ራሴን ልከላከልበት” የሚል ምክንያት ግን አትቀበልም።

ተረክቦ የማስቀመጡ ነገር ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ጀልባተኛ በአንዱ ወደብ ገብቶ ደሴቱን ዞሮ በሌላው መውጣት ይፈልጋል፤ መሣሪያው ግን ያለው መጀመሪያ የገባበት ፖሊስ ጣቢያ ነው። ንፋሱ ተመችቶ መሄድ ሲገባው፣ ንፋስ ተቃውሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጣቢያው የበዓል ቀን ዝግ ከሆነ ይጠብቃል። በዚያ ላይ፣ ዘራፊ ይመጣብኛል ብሎ የሚፈራው ብዙ ጊዜ ዳር ላይ መልሕቅ ጥሎ ሲተኛ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት ጠመንጃው የመንግሥት ካዝና ውስጥ ነው። ይህን ስታስበው፣ ያ ሁሉ ወጪና ወረቀት ለምን አስፈለገ ያሰኛል።

የመግቢያው ሥርዓት ይህን ይመስላል። ጀልባው ቢጫ ባንዲራ ሰቅሎ ይጠብቃል፤ “ገና አልተፈተሽኩም” ማለት ነው። የጉምሩክ ሠራተኛው ይመጣል ወይም ካፒቴኑ ወረቀቱን ይዞ ቢሮ ይሄዳል። መሣሪያ አለ ከተባለ ቅጹ ላይ ይሞላል። ጥይቱ ጠረጴዛ ላይ ፈስሶ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሲወጡም እንደገና ሊቆጠር ይችላል። ሁለት ከጎደለ የት ተተኮሰ፣ ለማን ተሸጠ ተብሎ ይጠየቃል። በቆጠራው ሰዓት ሁሉንም አፍስሶ ማሳየት የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያስጠይቀው መደበቅ ነው። በጀልባ ውስጥ መደበቂያ የሚመስል ቦታ ሁሉ ፈታሹ አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። የተረሳ ነገርም ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ካሪቢያን አካባቢ ባሉት የተርክስና ኬይኮስ ደሴቶች፣ በርካታ አሜሪካውያን ቱሪስቶች ሻንጣቸው ውስጥ በተገኘ ጥቂት ጥይት ምክንያት አየር ማረፊያ ላይ ተይዘው ተከሰዋል። የዚያ አገር ሕግ በመደበኛው ቢያንስ 12 ዓመት እስር የሚያስቀጣ ነበር። ባዶ ሽጉጥ እንኳ አልነበራቸውም፤ ጥይት ብቻ ነው።

ጠመንጃው ያድናል ወይ የሚለው ክርክር አያልቅም። ኒውዚላንዳዊው ሰር ፒተር ብሌክ በጀልባ ውድድር ዓለም የሚያውቀው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ብራዚል ውስጥ፣ የአማዞን ወንዝ አፍ አካባቢ ማካፓ አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ የታጠቁ ዘራፊዎች ጀልባው ላይ ወጡ። ጠመንጃ አንስቶ ተኮሰ፣ አንዱንም አቆሰለ። ከዚያ መሣሪያው እምቢ አለው፤ እሱም ተመትቶ ሞተ። የጀልባው ሌሎች ሰዎች ተርፈዋል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ክዌስት የተባለችውን የግል ጀልባ ይዘው አራቱንም አሜሪካውያን ተሳፋሪዎች ገድለዋል። ጠመንጃ ቢኖራቸውስ የሚል አለ። ወንበዴዎቹ ግን ከደርዘን በላይ ነበሩ፤ ሲከታተላቸው በነበረው የጦር መርከብ ላይም ሮኬት ተኩሰዋል። አራት ሰዎች በአንድ ጠመንጃ ይህን ይመክታሉ ብዬ አላምንም።

ሌላም አደጋ አለ፤ ሰው ማሳሳት። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዓሣ አጥማጆች በትንንሽ ፈጣን ጀልባ ይጠጋሉ። አንዳንዱ መረቡ እንዳይቆረጥበት ሊያስጠነቅቅ፣ አንዳንዱ ውሃ ሊለምን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕንድ ኬራላ ዳርቻ የነዳጅ ማመላለሻ የሆነች የኢጣሊያ መርከብ የሚጠብቁ ወታደሮች ወንበዴ መስለዋቸው ሁለት ሕንዳውያን ዓሣ አጥማጆችን ገደሉ። ሁለቱ መንግሥታት ለዓመታት ተካሰሱበት። የግል ጀልባ ባለቤት መንግሥት አይቆምለትም፤ እዚያው ይታሰራል።

ጠመንጃ በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አንድ አለ ብል ዋልታው አካባቢ ነው። በኖርዌይ የስቫልባርድ ደሴቶች ከመንደር ወጣ ለሚል ሰው የበረዶ ድብን ማባረሪያ መያዝ ግዴታ ነው፤ ለመከላከያ ጠመንጃ መያዝም ይመከራል። እሱም ቢሆን ከአስተዳዳሪው ቢሮ ፈቃድ ወስዶ እዚያው መከራየት ስለሚቻል፣ ከቤት ተሸክሞ ወደብ ለወደብ መዞር የግድ አይደለም።

እንክብካቤውም ቀላል አይደለም። የባሕር አየር ጨው ነው። በዘይት ያልታሸ አፈሙዝ ቶሎ ይዝጋል። የጥይቱ ነሐስ አረንጓዴ ያወጣል፤ ያ ጥይት በክፉ ሰዓት ይከሽፋል። ስለዚህ ብዙ ጀልባተኞች ጠመንጃውን ትተው በሩን ከውስጥ መቆለፍን፣ ኃይለኛ መብራትን፣ በቡድን መጓዝንና ክፉ የሚባል ባሕርን መራቅን ይመርጣሉ። ለአደጋ ጊዜ ምልክት የሚተኮሰው ሽጉጥ ግን አብዛኞቹ ጋ አለ። አንዳንድ አገሮች እሱንም እንደ ጦር መሣሪያ ይቆጥሩታል። ስለዚህ ወደብ ሲገባ ቅጹ ላይ እሱንም መጻፍ፣ ወይም ከመነሻው በእጅ ተይዞ የሚለኮሰውን መብራት መግዛት ይሻላል።