ብጉር፣ ሎሚ እና «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት መጣች። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሻሿን እስከ ጉንጯ ድረስ ስባዋለች። ስታነሳው ግራ ጉንጯ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ተልጦ ቀልቷል። ማታ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት፣ ብጉሯ ላይ ለጥፋ ተኝታለች። «ተፈጥሯዊ ነው ሲሉኝ ምን ይጎዳኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

ሆዴ ተላወሰ። በእሷ ዕድሜ እኔም ፊቴን በሎሚ አቃጥያለሁ። የመከረችኝ ጎረቤታችን ደግሞ የምትወደኝ ሴት ነበረች።

ናቱሮፓቲ የሚባለው የሕክምና አስተሳሰብ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጀርመን የውሃና የዕፅዋት ሕክምና ተነስቶ አሜሪካ ውስጥ ስሙን ያገኘ ነው። ዋናው ሐሳቡ ቀላል ነው። ምልክቱን ብቻ አታፍኑ፣ ምክንያቱን ፈልጉ ይላል። አበላልን፣ እንቅልፍን፣ ጭንቀትን ጠይቁ ይላል። ይህን ሐሳብ ከልቤ እወደዋለሁ። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጥያቄው ቀርቶ የሚቀባው ነገር ብቻ ተረፈ። እስቲ በየቀኑ የምንሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ብጉር የሚወጣው ደም ሲቆሽሽ ነው»

ደም የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። እነሱ በትክክል ባይሠሩ ሰውየው በጠና ይታመማል እንጂ ጉንጩ ላይ ሦስት ብጉር ወጥቶበት አይቀርም። ደም ያጠራል ተብሎ የሚጠጣው መራራ ነገር፣ ሆድ የሚያስኬደውም ጭምር፣ ለብጉር የሚሠራው ሥራ የለም።

እውነተኛው ነገር የሚጀምረው ከቆዳ ሥር ነው። ፊታችን ላይ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ጉርምስና ሲመጣ አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ወዙም ይበዛል። የቆዳው ቀዳዳ በሞቱ ሕዋሳት ይደፈናል። እዚያ ቀድሞም የሚኖረው ባክቴሪያ በተጠራቀመው ወዝ ይራባል። ሰውነት ሲቆጣ ቦታው ያብጣል፣ መግል ይይዛል። በቃ፣ ብጉር ይህ ነው።

አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብም ቆሻሻ አይደለም። የተደፈነው ነገር ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው የቆዳ ቀለም ነው፤ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። ስለዚህ ፈትጎ ማስለቀቅ አይቻልም። ፊታቸውን በቀን አምስት ጊዜ የሚታጠቡ ልጆች አውቃለሁ፤ በልብስ ሳሙና ሳይቀር። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ወደ 5 ይጠጋል። ተራ ደረቅ ሳሙና ግን ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ነው። ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ይባስ ይቆጣል። በቡና አተላና በጨው መፈተግም እንዲሁ። ጠዋትና ማታ፣ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ማጠቢያ፣ በጣት ብቻ። ይበቃል።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአክስቴን ልጅ ያቃጠላት ይህ አባባል ነውና።

የሎሚ ጭማቂ ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው። ከቆዳችን ጋር ያለውን ርቀት አስቡት። በዚያ ላይ ሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳ የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ሰው ፊቱ ሊቆስል፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊይዝ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬውን ታስሮ ካደረ እንደ እሳት ይልጣል። ፌጦም ቢሆን ለፊት የሚሆን ነገር አይደለም። የጥርስ ሳሙና ያው ነው፤ ያደርቃል፣ ያስቆጣል።

እንዲህ ስል ከዕፅዋት የሚገኝ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የተፈተሹ አሉ። በ1990 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውስትራሊያ ውስጥ 124 ሰዎች ላይ ቲ ትሪ ከሚባለው ዛፍ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ቅባት ተሞክሮ ነበር፤ መጠኑ 5 በመቶ ነው። ከታወቀው የብጉር መድኃኒት ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተወዳድሮ ሁለቱም ብጉሩን ቀነሱ። ዘይቱ ዘገም ይላል፤ ግን ብዙም አያቃጥልም። ልብ በሉ፣ 5 በመቶ ነው እንጂ ከጠርሙሱ በቀጥታ አይደለም። እሬትም ተሞክሯል። በ2014 የታተመ የኢራን ጥናት ላይ እሬትን ትሬቲኖይን ከሚባለው የብጉር መድኃኒት ጋር የቀቡት ትሬቲኖይን ብቻ ከቀቡት ይልቅ ተሻላቸው። መድኃኒቱን አገዘው እንጂ አልተካውም። እሬት የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣውን ቢጫ ፈሳሽ አስወግዱት፤ ቆዳ ያሳክካል። የሚፈለገው ውስጡ ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ነው።

ማርስ? ለቁስል ጥሩ ስም አለው። በ2016 ኒውዚላንድ ውስጥ 136 ሰዎች ላይ ለብጉር ሲሞከር ግን ማር የጨመሩት ጀርም በሚገድል ሳሙና ብቻ ከታጠቡት የተለየ ለውጥ አላገኙም። የዚንክ እንክብልም እንዲሁ ተፈትኗል። በ2001 በታተመ የ332 ሰዎች ጥናት ሚኖሳይክሊን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ሲነጻጸር ዚንክ የተሳካለት 31 በመቶ ላይ ነው፤ አንቲባዮቲኩ 63 በመቶ ላይ። ይረዳል፤ ግን ተአምር የለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። «ኬሚካል» እያልን የምንሸሻቸው የፋርማሲ ቅባቶች ብዙዎቹ ዘራቸው ከተፈጥሮ ነው። የሳሊሲሊክ አሲድ ታሪክ የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት ነው። አዜላይክ አሲድ በገብስና በስንዴ ውስጥ ይገኛል። ትሬቲኖይን የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። ልዩነቱ መጠናቸው መለካቱ ላይ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ እንኳ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ያላነሰ እንደሚሠራ ከ1986 ጀምሮ ይታወቃል፤ የሚያቃጥለው ግን ያነሰ ነው። የበረታ ሁሉ የተሻለ አይደለም።

«ለውዝና ቅባት ነው የሚያወጣው» እና «ምግብ ምንም አያገናኘውም»

ሁለቱ አባባሎች ተቃራኒ ናቸው፤ ሁለቱም ይስታሉ።

ለውዝ ብጉር ያወጣል ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ለዚህ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ምግብ አያገናኘውም የሚለው ደግሞ ለብዙ ዓመት የሐኪሞችም አቋም ነበር። በ1969 አሜሪካ ውስጥ 65 ሰዎች ቸኮሌት እንዲበሉ ተደርጎ ለውጥ አልታየም ተባለ። ችግሩ፣ ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ከረሜላም በስኳርና በስብ የተሞላ ነበር። ሁለት ስኳር ተወዳድሮ እኩል ቢወጣ ምን ይደንቃል?

በ2002 ተመራማሪዎች ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ ኪታቫ በምትባል ደሴት 1,200 ሰዎችን መርምረው አንድም ብጉር እንዳላገኙ ጻፉ። ሕዝቡ የሚበላው ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና ኮኮናት ነው። ይህ ብቻውን ምግብ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጥያቄውን ግን እንደገና ከፈተው። በ2007 ሜልበርን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 25 የሆኑ 43 ወንዶች ለ12 ሳምንት ተከታተሏቸው። ከፊሎቹ ደም ውስጥ ስኳር በፍጥነት የሚጨምሩ ምግቦችን ቀነሱ። የእነሱ ብጉር በአማካይ በ24 ገደማ ሲቀንስ የሌሎቹ በ12 ቀነሰ። ስኳር በፍጥነት ሲገባ ኢንሱሊን ይጨምራል፤ እሱም ወዝ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ይቀሰቅሳል። ወተትም በተለያዩ ጥናቶች ከብጉር ጋር ተያይዟል፤ ስቡ የወጣለት ወተት ጭምር። ስለዚህ ጥፋቱ የስቡ አይመስልም። ጂም የሚሄዱ ልጆች በውሃ የሚበጠብጡት የዌይ ፕሮቲንም ከወተት የሚወጣ ነው፤ እሱን ጀምረው ብጉር የወጣባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

እኛ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ልማድ አለን። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ወተትና ቅቤ የለም። አንድ ነገር ለቆዳ መጥቀሙን ለማወቅ የሚያስፈልገውም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ነው። የሚጾም ሰው ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ፊቱን ፎቶ አንስቶ ቢያወዳድር ስለ ራሱ አንድ ነገር ይማራል። ግን አደራ፣ በጾም ወተቱን ትተን በምትኩ የምናስገባውን እንቁጠር። ነጭ ዳቦ፣ የጾም ብስኩት፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ፣ ለስላሳ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። «ጾሜም አልተሻለኝም» ከማለት በፊት እሱን ማየት ደግ ነው። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ግን አይነኩም፤ እነሱማ ጓደኞቻችን ናቸው።

«ስታገቢ ይጠፋል»

አይጠፋም። ብዙ ሰው ከ20ዎቹ አጋማሽ በኋላ ብጉሩ ስለሚቀንስና የሚያገባውም በዚያው ዕድሜ ስለሆነ የተምታታ ነገር ነው። ይህ አባባል የሚጎዳት ግን ሴቷን ነው። ብጉሩ አገጭና መንጋጋ ላይ ከጠና፣ የወር አበባ ከተዛባ፣ ፊት ላይ ፀጉር ከበዛ፣ እንቁላል ዕጢ ላይ የሚታይ የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱን ፈልጉ የሚለው ምክር እዚህ ላይ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ባል ሳይሆን ምርመራ ያስፈልጋታል።

«ቅቤ ቆዳ ያለሰልሳል»

ፀጉር ላይ የተደረገ ቅቤ ሲቀልጥ የት ይሄዳል? ግንባር ላይ ነው የሚወርደው። በ1970 አሜሪካውያን ሐኪሞች የፀጉር ቅባት የሚጠቀሙ ጥቁር ወንዶች ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ የሚወጣባቸውን ጥቃቅን ብጉር ለይተው በቅባቱ ስም ጠርተውታል። የእኛም ከዚያ የሚለይ አይመስለኝም። ቅቤውን ተዉ አልልም። ግንባር አካባቢ አታድርሱት፣ ሻሹን ቶሎ ቶሎ እጠቡት፣ ፊት ላይ የወረደውን ጥረጉት።

«ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማፍረጥ ያስወጣዋል»

ፀሐይ ለጥቂት ቀን ያደርቅና ምልክቱን ያጠቁራል። ማፍረጥ ደግሞ መግሉን ወደ ውስጥም ይገፋዋል፤ ጠባሳ የሚቀረው በዚህ ነው። እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ከብጉር በኋላ የሚቀረው ጥቁር ነጠብጣብ ከብጉሩ የበለጠ ያስጨንቃል። እሱ ማዲያት አይደለም። ቆዳው ካልተነካካና ከፀሐይ ከተጠበቀ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል።

«ይቺ ክሬም በሦስት ቀን ታጠፋዋለች»

ይህን የሚላችሁን ሰው ሽሹ። በሦስት ቀን እብጠት የሚያጠፋ ክሬም ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያፍን መድኃኒት አለበት። መጀመሪያ ፊት ያበራል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይታያል፣ ሲያቋርጡት ብጉሩ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ራሴ አንድ መደብር ውስጥ «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብሎ ምንም ነገር ያልተጻፈበት ብልቃጥ ተሸጦልኛል። ለሁለት ወር ቆንጆ ሆንኩ፤ ከዚያ ለአንድ ዓመት ከቤት መውጣት አፈርኩ። ውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ነገር ፊታችሁ ላይ አታድርጉ።

የአክስቴን ልጅ ቁስል በንጹሕ ውሃ አጥበን ስስ ቫዝሊን ቀባነው። ከዚያ ስለ እንቅልፏ ጠየቅኳት። ለፈተናው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ታጠናለች፤ ብጉሩም የባሰባት ያኔ ነው። በ2003 የታተመ የስታንፎርድ ጥናትም 22 ተማሪዎችን ተከታትሎ በፈተና ሰሞን ብጉራቸው እንደሚብስ አይቷል። ሌሊቱን ወደ አምስት ሰዓት እንድታወርደው ተስማማን፤ ሻይዋንም በአንድ ማንኪያ ስኳር።

አገጯ ሥር ያሉት ሁለቱ ግን ጥልቅ ናቸው፤ ሲነኩ ያማሉ። እንዲህ ያለው ጠባሳ ሳያስቀር በፊት የቆዳ ሐኪም ማየት አለበት። ወሎ አካባቢ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አላችሁ፣ አዲስ አበባ ያለን አለርት ሆስፒታል። ማክሰኞ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ።