ባለ ቀኝ መሪ ትልልቅ ፒካፖች

አዲስ አበባ መሀል ላይ ባለ ቀኝ መሪ መኪና ሲቆም መጀመሪያ ግራ የሚገባው የፓርኪንግ ሠራተኛው ነው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የኬንያ ታርጋ የለጠፈ ፒካፕ ቆመ እንበል። ልጁ እንደ ለመደው የግራውን መስኮት ያንኳኳል። ወንበሩ ባዶ ነው። ኮፈኑን ዞሮ፣ እየሳቀ በቀኝ በኩል ይመጣል።

ነገሩ ከመንገድ ሕግ ይነሳል። በቀኝ የሚነዳ አገር መሪውን በግራ፣ በግራ የሚነዳ ደግሞ በቀኝ ያደርጋል፤ ሹፌሩ ወደ መንገዱ መሀል እንዲጠጋ። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው። በዚያ ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች፤ ኬንያ እዚያው ግራ ላይ ቀረች። ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የሚኖረው በግራ በሚነዱ አገሮች ነው፤ ህንድ፣ ጃፓን፣ ታይላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ።

ግዙፎቹ የአሜሪካ ፒካፖች ግን ለእነዚህ አገሮች አልተሠሩም። ራም 1500፣ ፎርድ ኤፍ-150፣ ሼቭሮሌ ሲልቨራዶ፣ ቶዮታ ቱንድራ፣ ሁሉም ከፋብሪካ ሲወጡ መሪያቸው በግራ ነው። አሜሪካ እንደ ፈረንጆች በ1964 ከውጭ በሚገባ ፒካፕ ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። አምራቾቹ ደጃቸው ላይ የታጠረ ሰፊ ገበያ ስላላቸው ለሩቅ አገር ብለው ቀኝ መሪ መግጠሙ ብዙም አያጓጓቸውም።

ይህን ክፍተት አጥብቃ የያዘችው አውስትራሊያ ናት። እዚያ ካራቫን፣ ጀልባ፣ የፈረስ ተጎታች ይጎትቱባቸዋል፤ እስከ 4.5 ቶን ድረስ። መሪ የማዛወሩ ሥራ በብዛት የሚሠራው ሜልበርን ነው። ዎኪንሾው የተባለው ድርጅት ራምን፣ ሲልቨራዶንና ቱንድራን ይለውጣል። ኤፍ-150 ደግሞ እንደ ፈረንጆች ከ2023 ጀምሮ አርኤምኤ በተባለ ሌላ ድርጅት በኩል ተለውጦ ገበያ ወጥቷል።

መሪ ማዛወር ሲባል ነቅሎ ወዲያ ማዶ መግጠም እንዳይመስላችሁ። ዳሽቦርዱ እንደ አዲስ ይሠራል። የመሪው ዘንግና የፍሬኑ ፔዳል በሌላ በኩል ስለሚያልፉ ሞተሩንና ጋቢናውን የሚለየው ላሜራም ይነካል። ሽቦው፣ የኤሲው ቱቦ፣ የዝናብ መጥረጊያው ሳይቀር ቦታ ይለውጣል። የፊት መብራቱ ደግሞ የባሰ ነው። መብራት ወደ መንገዱ ዳር ከፍ ብሎ እንዲያበራ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው። ሳይቀየር ከቀረ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ያጭበረብራል። ኤፍ-150 አውስትራሊያ ሲገባ መነሻ ዋጋው ከ100,000 የአገሩ ዶላር ያለፈበት አንዱ ምክንያት ይኸው ልፋት ነው።

እኛ ጋ ሲመጣ ታሪኩ ይገለበጣል። እነ ራም ግራ መሪ ሆነው ስለተወለዱ አዲስ አበባ ላይ ብሎን ሳይፈታ መሄድ ይችላሉ። ግን ራም 1500 ርዝመቱ 5.9 ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ፒያሳ የት ልታቆሙት ነው? በየመንገዱ የምናየው ሀይሉክስና ዲማክስ ደግሞ ትልቁ ማምረቻቸው ታይላንድ ነው፤ በግራ የሚነዳ አገር። እነሱ ግን ከፋብሪካ ሲወጡ በሁለቱም ዓይነት ስለሚሠሩ የመሪ ጣጣ የለባቸውም።

ልዩነቱ የሚገባችሁ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስትጠይቁ ነው። ለባሌስትራ፣ ለጎማ፣ ለፒስተን የመሪው ጎን ግድ አይሰጠውም። ዳሽቦርድ ወይም የፊት መብራት ከፈለጋችሁ ግን ግራ ይሁን ቀኝ አጣሩ፣ በተለይ ከሌላ መኪና የተፈታ ከሆነ።

አንድ ቀን በባለ ቀኝ መሪ ፒካፕ ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ሄጃለሁ። ሹፌሩ ወዳጄ ነው። እኔ በግራ ወንበር፣ ያለ መሪ። ፊታችን አውቶቡስ ቆመ። ወዳጄ ከቀኝ ወንበሩ ሆኖ የሚያየው የአውቶቡሱን ጀርባ ብቻ ነው። «ባዶ ነው?» አለኝ። አንገቴን አስግጌ አየሁ። ሚኒባስ እየመጣ ነው። «ቆይ!» አልኩት። ሚኒባሱ አለፈ። «አሁን ሂድ» አልኩት፤ ፍሬን እንደምይዝ ሁሉ እግሬ ወለሉን ተጭኖ ቀርቷል።