ተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ምንድን ነው?

ጓሮው ውስጥ የወፈረ ባሕር ዛፍ ወይም የፈረንጅ ጥድ ያለው ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። ወይ ዛፉን በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል፣ ወይ አስቆርጦ በአይሱዙ ጭኖ መሰንጠቂያ ቤት ይወስዳል። በቁሙ ሲሸጥ ዋጋውን የሚተምነው ገዥው ነው። ሲያስጭን ደግሞ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የስንጠቃ ሒሳብ ይደመርና ጣውላውን ከሱቅ ቢገዛው ይሻለው እንደነበር የሚገባው ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው። ተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ የሚባለው ማሽን ለዚህ ሰው የተሠራ ነው። ግንዱ ባለበት ቦታ ይተከላል፤ ከግቢው የሚወጣው ጣውላና ሞራሌ ብቻ ይሆናል።

አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ረጃጅም የብረት ሐዲዶች መሬት ላይ ይዘረጋሉ፤ ግንዱ በመካከላቸው በተጋደሙ ብረቶች ላይ ይተኛል። ከበላዩ ሞተሩን ያዘለ ጭንቅላት አለ፤ በውስጡ ሁለት መዘውሮች፣ በመዘውሮቹ ዙሪያ ደግሞ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ጥርሳም ምላጭ እንደ ቺንጋ ተወጥሮ ይሽከረከራል። ግንዱ ከቦታው አይነቃነቅም። ሠራተኛው ጭንቅላቱን በሐዲዱ ላይ እየገፋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፋል፣ ጣውላው ይነሳለታል፣ ጭንቅላቱን መልሶ ይጎትታል፣ በሚፈልገው ውፍረት ዝቅ ያደርጋል፣ እንደገና ይገፋል። ትላልቆቹ ማሽኖች ይህንን ሁሉ በሃይድሮሊክ ይሠሩታል፤ ለግቢ የሚገዙት ግን በእጅ የሚገፉ ናቸው። ይህን ዓይነት ማሽን በዓለም ካስለመዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ የተቋቋመው ውድ-ማይዘር ነው። ዛሬ የቻይና ሥሪቶችም በየገበያው አሉ።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ። በጣም ርካሹ ቼንሶ ላይ የብረት ማዕቀፍ አስሮ ግንዱን በቁመቱ መሰንጠቅ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ ክብ መጋዙ በአግድምም በቁምም እየዞረ የሚቆርጥ ማሽን ይወደዳል፤ ከቦታው ንቅንቅ ለማይል ግዙፍ ግንድ እሱ ይሻላል። ለጓሮ ባሕር ዛፍ ግን ባለ ምላጩ ይበልጣል ባይ ነኝ። ምክንያቱም መጋዝ ባለፈ ቁጥር እንጨት ይበላል፣ ምላጭ ደግሞ ከሁሉም ትንሽ የሚበላው ነው፤ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ቼንሶ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳል።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይደመር። ቅርፊቱ ሳይቆጠር በቀጭኑ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ግንድ እንውሰድ። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ እንዲወጣለት ግራና ቀኙን ብናነሳ ወደ 34.6 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይተርፈናል። ከዚህ ላይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ስናወጣ፣ ምላጩ 12 ሙሉ ጣውላ ይሰጣል፤ ቼንሶው 10። ከአንድ ግንድ ሁለት ጣውላ ሰጋቱራ ሆኖ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሞተር ሲመረጥ አንድ የእኛ አገር ጣጣ አለ፤ ሻጮች ሲያነሱት አልሰማሁም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ። ሳጥኑ ላይ 13 የፈረስ ጉልበት የተባለለት የቤንዚን ሞተር አዲስ አበባ ላይ የ10 ያህል ነው የሚሠራው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ያንሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡራተር ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ጭስ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ደገኛ ገዥ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሞተር ይምረጥ፣ ለከፍታ ቦታ የሚሆን የካርቡራተር ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ፣ እንዳለም ይጠይቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ጸጥ ያለና ጥገናው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ይፈልጋል፣ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ደግሞ ይህ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሌላ ነገር፦ ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ዘይት ነው። ገመዱን ከመሳብ በፊት የዘይት መለኪያውን መዞ ማየት።

ተከላው ላይ የሚጣደፍ ሰው በኋላ በየጣውላው ይከፍልበታል። ሐዲዱ ቀጥ ካላለ ምላጩ የሐዲዱን ጥመት ተከትሎ እንጨቱ ላይ ያትመዋል። ውሃ ልክ ብቻ አይበቃም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሮ እያንዳንዱን እግር በዚያ ማስተካከል ነው። ትንሽ ወደ አንድ ጫፍ ቢያዘነብል ችግር የለውም፤ መጠማዘዝ ግን የለበትም። እግሮቹ ሥር ብሎኬት ወይም ወፍራም እንጨት ይገባል፤ በክረምት ጭቃ ላይ የተተከለ ማሽን በማግስቱ ሌላ ማሽን ነው። እዚህ ላይ የግንዱን ክብደት መናቅ አይገባም። 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 3 ሜትር ርዝመት ያለው እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ነገር ከሐዲዱ ላይ ዘፍ ባለ ቁጥር ሲባጎው እንደገና ይወጠራል። ማሽኑን ከዳገቱ ዝቅ አድርጎ ተክሎ ግንዱን በሁለት ጠንካራ አጠናዎች ላይ እያንከባለሉ ማውረድ ጉልበትም ወገብም ያተርፋል፤ ከታች በኩል ግን ሰው አይቆምም።

አሁን ግንዱ ተኝቷል፣ በጎን ማቆሚያዎቹና በመቆንጠጫው ተይዟል። ከመጀመሪያው ቆረጣ በፊት ዓይን የሚያርፈው እነዚህ ብረቶች ላይ ነው፤ ምላጩ ከሚያልፍበት ከፍታ በታች መሆን አለባቸው። ጭንቅላቱ ዝቅ ባለ ቁጥር እነሱም ዝቅ ይላሉ። ይህን የረሳ ሰው ጥርሶቹን በአንድ ሴኮንድ ይጨርሳል፤ ምላጩ በሴኮንድ 25 ሜትር ገደማ ነው የሚሮጠው። የግቢ ዛፍ ደግሞ ሌላ ጠላት አለው፤ ሚስማር። የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት፣ የአጥር ሽቦ የተመታበት ዛፍ ብረቱን ውጦ ላዩን ይደፍናል። ከሥሩ እስከ ሰው ቁመት ያለውን ክፍል ቅርፊቱን ልጦ ጥቁር ነጠብጣብ መፈለግ፣ ቢቻል በብረት መፈተሻ መሣሪያ ማሰስ ይገባል። ጥርጣሬ ካለ ያ ጉማጅ ለማገዶ ይሁን።

ውፍረት ላይ ጀማሪው ሁሌ የሚሳሳትበት ሒሳብ አለ። 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ የፈለገ ሰው ጭንቅላቱን 25 ዝቅ ካደረገ የሚያገኘው 23 ነው፤ ሁለቱን ምላጩ በልቶታል። 27 ዝቅ ማድረግ ነበረበት። ከላይ ወደ ታች እየቆጠሩ መሄድ ሌላም ችግር ያመጣል፤ መጨረሻ ላይ ለምንም የማይሆን ቁራጭ ይተርፋል። የለመዱ ሰዎች ከታች ነው የሚቆጥሩት። ምላጩ ከመተኛው ብረት 25 ሚሊ ሜትር ሲርቅ የመጨረሻው ጣውላ ነው፤ ከዚያ በላይ 52፣ 79፣ 106 እያሉ ይወጣሉ። እነዚህን ቁጥሮች ጭንቅላቱ በሚወጣበት ቋሚ ላይ በቀለም ቢጽፏቸው ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

የባሕር ዛፍ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ፈረንጆች ስለ ጥድና ስለ ኦክ የሚሰጡትን ምክር ይዞ ባሕር ዛፍ ላይ የሄደ ሰው ግራ ይገባዋል። ባሕር ዛፍ ቆሞ እያለ የውጭው አካሉ በቁመቱ የተወጠረ፣ መሐሉ ደግሞ የታመቀ ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው ስለሚኖሩ ከውጭ አይታይም። መጋዝ ሲገባባቸው ስምምነቱ ይፈርሳል። የመጀመሪያው ገጽ ተነስቶ ሳያልቅ ጫፉ ከግንዱ ወደ ላይ ሲነሳ በዓይን ይታያል፤ ምላጩ ወጥቶ ሳይጨርስ ቁራጩ ጎብጧል። የቀረው ግንድ በተራው ወደ ሌላ ጎን ይለመጣል፤ ጫፎቹ ወደ ታች፣ ወገቡ ወደ ላይ። ሠራተኛው ይህን ሳያይ ቀጣዩን ጣውላ ቢቆርጥ ምላጩ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ እንጨቱ ግን ቀጥ አላለም። ስለዚህ ጣውላው መሐሉ ወፍሮ ጫፎቹ ሳስተው ይወጣል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ማሽኑን ይረግማል።

መላው ግንዱን ማገላበጥ ነው። ከአንድ ጎን አንድ ሁለት ካነሱ በኋላ 180 ዲግሪ አዙሮ ከተቃራኒው ጎን ያንኑ ያህል ማንሳት፣ ውጥረቱ ከሁለቱም ወገን እኩል እንዲላቀቅ። ወገቡ ከተነሳ ደግሞ ቀጭን ቆረጣ አሳልፎ ገጹን አቅንቶ ከዚያ መቀጠል፤ ያ ቀጭን ቁራጭ ኪሳራ አይደለም። የግንዱን ልብ ከቀጭን ጣውላ ውስጥ አለማስገባት፣ ወፍራም ቋሚ አድርጎ መተው፤ ልብ ያለበት ጣውላ መሰንጠቁ አይቀርም። ርዝመትም ይጠንቀቁ፤ 5 ሜትር ግንድ ከ2.5 ሜትሩ ይልቅ እጅግ ይጎብጣል። ከሁሉም በላይ ግን ቀጭን ዛፍ አይሰንጠቅ። ለአጠናና ለማገር የደረሰ ባሕር ዛፍ በዚያው ይሸጥ፤ ውጥረቱ በጠባብ ቦታ ስለሚታጨቅ ጣውላው ቀስት ነው የሚሆነው። በእኔ ግምት ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን ማሽን ላይ ማውጣት ቤንዚን ማቃጠል ነው። የፈረንጅ ጥድና ግራቪሊያ ግን ገር ናቸው፤ ለመለማመጃ እነሱን ያስቀድሙ።

ምላጭ አንድ ብቻ ይዞ አይጀመርም። ጣውላው ላይ ሞገድ ከታየ፣ ምላጩ አንጓ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሸ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደነዘ ጥርስ ነው፤ ቀጥሎ የላላ ውጥረት። ገፍቶ ለማለፍ መሞከር ምላጩን ማሞቅና መበጠስ ነው። ጥርሶቹ ወደ ፊት የሚያዘነብሉበት ማዕዘን 10 ዲግሪ የሆነ ምላጭ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ለደረቅና ጠንካራ እንጨት 7 ወይም 4 ይሻላል። ምላጩ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ቢገባበት ሙጫው አይጋገርም። ሥራ ሲያልቅ ውጥረቱ ይላላል፣ ምላጩ ይጠረጋል። የዓይንና የጆሮ መከላከያ፣ የአፍ ጭምብል ያለ ክርክር የሚደረጉ ናቸው፤ ምላጭ ሲቀየር ደግሞ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል። ጓንትም ይደረጋል፤ የተጠቀለለ ምላጭ ሲፈታ ይፈናጠራል።

ሕግም አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስም ጠርቶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበት በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። በእጅ የተተከለ ባሕር ዛፍና አገር በቀል ዛፍ አንድ አይደሉም። መጋዝ ከመነሳቱ በፊት ወረዳውን መጠየቅ፣ ጣውላው ከግቢ የሚወጣ ከሆነም ስለ ይለፍ ወረቀት ማጣራት ነው።

ማሽን ገዥው ሁሉ የሚዘነጋው ማድረቂያው ነው። እኔ ብሆን ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ጥላውን እሠራ ነበር። ግንዱ እንደተቆረጠ ጫፎቹ በወፍራም ቀለም ወይም በሰም ይደፈኑ፤ ውሃ በጫፍ በኩል ፈጥኖ ሲወጣ ነው ኮከብ የመሰለ ስንጥቅ የሚመጣው። ጣውላው ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቀጥ ያለ መደብ ላይ ይደረደራል፤ ለአየርም ለምስጥም ሲባል። በየረድፉ መካከል 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ደረቅ ቀጫጭን እንጨቶች በየ40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትሩ ይገባሉ። እነዚህ እንጨቶች ከታች እስከ ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መዋል አለባቸው፤ አንዱ ወደ ጎን ከሸሸ የላዩ ጭነት ጣውላውን እዚያው ላይ ያጎብጠውና እንደጎበጠ ይደርቃል። አናቱ ላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ድንጋይ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳታገኘው፣ ነፋስ ግን በጎኑ እንዲያልፍ። ባሕር ዛፍ በችኮላ ሲደርቅ ውስጡ ይጨማደዳል፤ የበጋ ነፋስ ከበረታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎኑን በጆንያ መጋረድ ይረዳል።

እንጨት መኮማተር የሚጀምረው የእርጥበቱ መጠን ወደ 30 በመቶ ከወረደ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚወጣው ውሃ ቅርፁን ብዙም አይለውጠውም። ስለዚህ በወር ውስጥ "ደረቀ" ተብሎ ለበር ፍሬም የተገጠመ ጣውላ ችግሩን የሚያሳየው ከተገጠመ በኋላ ነው። ለዚህም ሲባል 25 ሚሊ ሜትር የሚፈለግ ጣውላ 28 ሆኖ ቢቆረጥ ለመኮማተሪያውም ለመላጊያውም ይተርፋል። የእርጥበት መለኪያ ከሌለ ከክምሩ መሐል አንድ ጣውላ መርጦ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ በሚዛን ማስቀመጥና ኪሎውን መጻፍ ይቻላል። ቁጥሩ ለሦስት አራት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ጣውላው በዚያ ቦታ አየር ሊደርቅ የሚችለውን ያህል ደርቋል፤ ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ ጥቂት ሳምንት ከሰነበተ በኋላ ይላጋል።