ሳውቲ ዛ ቡሳራ፦ በዛንዚባር ምሽግ ውስጥ የአንድ ሌሊት ሙዚቃ

ሳውቲ ዛ ቡሳራ በታንዛኒያዋ ደሴት በዛንዚባር በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር ማብቂያና በየካቲት፣ የሚካሄድ የአፍሪካ ሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ስሙ የስዋሂሊ ሲሆን «የጥበብ ድምፆች» ማለት ነው። አዘጋጁ ቡሳራ ፕሮሞሽንስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ2003 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ፌስቲቫልም በ2004 ተካሄደ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝግጅቱ ለተከታታይ ቀናት የሚዘልቅ ሆኖ በቀን የሰልፍ ትርኢት፣ የሙያተኞች ስብሰባና ሥልጠና ይኖረዋል። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ግን ለሌሊቱ ነው።

ፌስቲቫሉ የማይደራደርበት አንድ ደንብ አለው። መድረክ ላይ የሚሰማው ሁሉ እዚያው በጣት፣ በትንፋሽና በጉሮሮ የሚወጣ መሆን አለበት፤ ፕሌይባክ አይፈቀድም። ድምፃዊ የተቀዳ ሙዚቃ አስከፍቶ ማይክሮፎን ይዞ መውጣት በተለመደበት ዘመን ይህ ትልቅ ውሳኔ ነው። አሥር ሰው ያለውን ባንድ ከነመሣሪያው ባሕር አሻግሮ ማምጣት አንድ ዘፋኝ ከአንድ ፍላሽ ጋር ከማምጣት እጅግ ይከብዳል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ነው። ይህ ደንብ ባይኖር ሳውቲ ዛ ቡሳራ ከሌሎች የባሕር ዳርቻ ድግሶች የሚለይበት ነገር ባልኖረው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወሩም በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስልም። ከዲሴምበር እስከ ማርች በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ስዋሂሊዎች ካስካዚ ይሉታል። ዳው የሚባሉት ባለሸራ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ከዐረብና ከሕንድ ወደ ዛንዚባር የወረዱት በዚህ ነፋስ ነው፤ ለመመለስ ደግሞ ኩሲ የተባለውን ተቃራኒ ነፋስ ይጠብቁ ነበር። በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ነጋዴው ከደሴቲቱ ሰው ጋር ይበላል፣ ይጋባል፣ ይዘፍናል። የዐረብ የክር መሣሪያዎቹ ኡድና ቃኑን የመጡት በባሕር ነው። ከዋናው አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች ደግሞ ከበሮአቸውንና የልጃገረዶች ማስተማሪያ ዘፈኖቻቸውን ይዘው ገቡ። የዛንዚባር ሙዚቃ የሁለቱም ልጅ ነው። ፌስቲቫሉ የሚውለው ካስካዚ በሚነፍስበት፣ ማሲካ የተባለው ከባድ ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ባለው ደረቅ ወር ነው፤ ጣሪያ በሌለው ቦታ ለሚካሄድ ኮንሰርት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣሪያ የሌለው ቦታ ንጎሜ ኮንግዌ፣ አሮጌው ምሽግ ነው። በአብዛኞቹ ዓመታት ዋናው መድረክ የቆመው እዚህ ነው። የኦማን ዐረቦች ፖርቱጋሎችን በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ካባረሩ በኋላ የፖርቱጋሎች ቤተ ክርስቲያን በነበረበት ስፍራ ላይ ሠሩት። ግንቡ ከኮራል ድንጋይ የተገነባ፣ ክብ ማማዎች ያሉት፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያዞረ ሲሆን በኋለኛው ዘመን እስር ቤትም ሆኖ አገልግሏል። ግቢው ዛሬ ሣር የለበሰ ሜዳና ደረጃ በደረጃ የተሠራ ክፍት የትርኢት ቦታ አለው። ከጎኑ በ1883 የተሠራው «የድንቃድንቅ ቤት» የተባለው የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ይገኛል፤ ይህ ሕንፃ በዲሴምበር 2020 በከፊል ተደርምሶ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው ስቶን ታውን፣ ምሽጉ ያለባት የዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ምን ያህል ጥበቃ እንደምትሻ ያሳየ አደጋ ነበር።

የኢትዮጵያ እንግዳ በዛንዚባር ሰዓት ለማወቅ አይቸገርም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረው ይቆጥራሉ። «ሳ ምቢሊ ኡሲኩ» ብለው ቢነግሩት ቃል በቃል ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ አውሮፓዊው ጎብኚ ስድስት ሰዓት ሲደምርና ሲቀንስ እርሱ በጊዜው ይደርሳል።

ምሽቱ የሚጀምረው ከምሽጉ ውጭ ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው የፎሮዳኒ መናፈሻ ፀሐይ ስትጠልቅ የምግብ ሻጮች ፋኖሳቸውን ያበራሉ፣ ከሰል ያቀጣጥላሉ። ኦክቶፐስ ይጠበሳል፤ የሸንኮራ ጭማቂ በማሽን ይጨመቃል፤ ዛንዚባር ፒዛ የሚባለው በሥጋና በእንቁላል የተሞላ ስስ ሊጥ ምጣድ ላይ ይገለበጣል። ከመስጊዶቹ የመግሪብ አዛን ይሰማል። የደሴቲቱ ሕዝብ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ለጎብኚዎች አለባበሳቸውን እንዲጠነቅቁ ይነገራል። የመግቢያ ዋጋውም ለአገሬው ሰው ከውጭ ዜጋ ብዙ ዝቅ ያለ ነው፤ ግቢው ውስጥ የዓሣ አጥማጁ ልጅና ከኦስሎ የመጣው እንግዳ ትከሻ ለትከሻ የሚቆሙት በዚህ ምክንያት ነው። ለአገሬው በጣም ውድ የሆነ ፌስቲቫል የአገሬው ሙዚቃ ቤት ነኝ ሊል አይችልም።

የደሴቲቱ የራሷ ሙዚቃ፣ ታራብ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል። ቃሉ ከዐረብኛው «ጠረብ» የመጣ ሲሆን በሙዚቃ መመሰጥ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ሱልጣን ባርጋሽ መሐመድ ኢብራሂም የተባለ ሰው ቃኑን እንዲማር ወደ ካይሮ እንደላኩና ታራብ ከቤተ መንግሥት እንደ ጀመረ ይተረካል። በ1905 ኢክዋኒ ሳፋ የተባለው ማኅበር ተመሠረተ፤ እስከ ዘመናችን የዘለቀ ነው። ታራብን ከቤተ መንግሥት አውጥታ ወደ ሰፈር ያመጣችው፣ ከዐረብኛ ወደ ስዋሂሊ ያሻገረችው ግን ሲቲ ቢንቲ ሳድ ናት። ከድሃ ቤተሰብ የተወለደችው ይህች ሴት በ1928 ቦምቤይ ድረስ ተጉዛ ድምፅዋን በሸክላ አስቀርፃለች። የልጅ ልጇ ልጅ ሲቲ ሙሃራም ዛሬ የቅድመ አያቷን ዘፈኖች ትዘፍናለች።

የታራብ ኦርኬስትራ መድረኩን ሲሞላ ማየት በራሱ ደስ ያሰኛል። ቫዮሊኖች በአንድ ረድፍ፣ አኮርዲዮን፣ ኡድ፣ ኮንትራባስ፣ ትንንሽ ከበሮዎች፣ ከኋላ የተቀባዮች ረድፍ። ቃኑን ተጫዋቹ ከሰባ በላይ ጅማት ያለውን ሳጥን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ በሁለቱም አመልካች ጣቶቹ ላይ በብረት ቀለበት የተያዘች መምቻ አለች። በአንድ እጁ ዜማውን ሳያቋርጥ በሌላው በጅማቶቹ ጫፍ ያሉትን ደቃቅ ዘንጎች ከፍና ዝቅ እያደረገ ቅኝቱን ይለውጣል። የቃኑን ድምፅ ስስ ነው። በክፍት ሜዳ ላይ፣ ከባሕር ነፋስ ጋር፣ እያንዳንዷ ጠብታ እንድትሰማ ማድረግ የድምፅ ባለሙያው ፈተና ነው። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጅማቶቹ ቅኝት ይለቃሉ፤ ተጫዋቹ በዘፈንና በዘፈን መካከል አንገቱን ደፍቶ ሲቃኝ አድማጩ በትዕግሥት ይጠብቀዋል።

ዘፋኟ አትጨፍርም። እጇን ሰብስባ ቆማ በረጅሙ ታዜማለች። የሚንቀሳቀሰው አድማጩ፣ በተለይም ሴቶቹ ናቸው። አንዲት ሴት ትነሣለች፤ በዝግታ እየተወዛወዘች ወደ መድረኩ ትሄዳለች፤ ብር ለዘፋኟ ትሰጥና በመጣችበት እርጋታ ትመለሳለች። እኛም አዝማሪ ግንባር ላይ ብር መለጠፍ ስለምናውቅ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። በታራብ ግን የተመረጠው ስንኝ ዋና ነገር ነው። ሴትዮዋ የተነሣችው በየትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ሌሎቹ ያስተውላሉ፤ ስንኙ ለጣውንት፣ ለጎረቤት ወይም ለከዳ ወዳጅ የተላከ ሊሆን ይችላል። ካንጋ በተባለው የለበሰችው ጨርቅ ጫፍ ላይ የታተመ አንድ አባባል አለ፤ እርሱም እንዲሁ ይናገርላታል። ቅኔ ሰምና ወርቅ ላለው አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

የታራብ የሰፈር ወንድም ኪዱምባክ ይባላል። ሁለት ትንንሽ የሸክላ ከበሮ፣ አንድ ቫዮሊን፣ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ጸናጽልና ሳንዱኩ ያስፈልገዋል። ሳንዱኩ የሻይ ቅጠል የተጫነበት ባዶ የእንጨት ሳጥን ተገልብጦ፣ እንጨት ተተክሎበትና ገመድ ተወጥሮበት ባስ የሆነ ነው። ቃሉ የእኛው ሳንዱቅ ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ የተወረሱ። ተጫዋቹ በእግሩ ሳጥኑን ረግጦ ገመዱን ሲወጥርና ሲያላላ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በጥንቱ የድንጋይ ግንብ ላይ ተመልሶ ሲያስተጋባ ግቢው በሙሉ ይነሣል። ከታራብ እርጋታ በኋላ ኪዱምባክ ሲገባ የሚሆነውን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

የፌስቲቫሉ ስም ሲነሣ ቢ ኪዱዴን አለማንሳት አይቻልም። «ቢ» እንደ «ወይዘሮ» ያለ የአክብሮት ቃል ነው። ትክክለኛ ስማቸው ፋቱማ ቢንቲ ባራካ ሲሆን በ1910 ገደማ እንደ ተወለዱ ይገመታል። አባታቸው ኮኮናት ሻጭ ነበሩ። ታራብን ከሲቲ ቢንቲ ሳድ ዘመን ይዘው አሻገሩ፤ ኡንያጎ የተባለውን ልጃገረዶች ለጋብቻ የሚዘጋጁበትን የከበሮ ሥርዓትም ይመሩ ነበር። ረጅሙን ከበሮ በወገባቸው አስረው በእግሮቻቸው መካከል አድርገው ሲመቱት ዕድሜአቸው ከዘጠና ማለፉን ማንም አያስታውስም ነበር። በ2005 ዎሜክስ የተባለው የዓለም ሙዚቃ ጉባኤ ሸለማቸው፤ በኤፕሪል 2013 ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የሳውቲ ዛ ቡሳራ ሌሊት የሚጠበቀው እኚህ ቀጭን አሮጊት ሲወጡ ለማየት ነበር።

ከዚያ እንግዶቹ ይመጣሉ። አሥረኛው ፌስቲቫል፣ የ2013ቱ፣ የሴኔጋሉን ድምፃዊ ሼክ ሎንና የዚምባብዌውን ባንድ ሞኮምባን ጋብዞ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን የማሊዋ ድምፃዊት ኻይራ አርቢ መምጣት ልዩ ትርጉም ነበረው። ኻይራ የሰሜን ማሊዋ ከተማ የቲምቡክቱ አካባቢ ሰው ነበረች። በ2012 ሰሜን ማሊን የያዙት ታጣቂዎች ሙዚቃን ከልክለው፣ መሣሪያ አቃጥለው፣ ሙዚቀኞችን አሳደው ነበር፤ እርሷም ወደ ባማኮ ተሰድዳለች። የፈረንሳይና የማሊ ወታደሮች ቲምቡክቱ የገቡት በጃንዋሪ 2013 ማብቂያ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የዚያች ከተማ ድምፅ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር፣ ሙስሊሞች በሞሉበት ግቢ ውስጥ፣ በሙሉ ኃይሉ ተሰማ። ኻይራ በ2018 ዐርፋለች። ሙዚቃ ከእምነት ጋር ይጣላል የሚሉት ሰዎች ያን ሌሊት ግቢው ውስጥ ቢቆሙ ኖሮ ብዬ እመኛለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት እንዲሆን መድረክ ከመድረክ መፈራረቅ አለበት። በምሽጉ ውስጥ አንዱ መድረክ ሲዘፍን በሌላው ላይ ገመድ ይዘረጋል፣ ከበሮ ይገጠማል፣ የድምፅ ሙከራ ይደረጋል። አድማጩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ እስከ እኩለ ሌሊትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ከመድረኩ ጀርባ የፌስቲቫል አዘጋጆችና አስተዋዋቂዎች ይገናኛሉ፤ ለወጣት ሙዚቀኛ ይህ ግንኙነት ከዕለቱ ክፍያ ሊበልጥ ይችላል። ለወጣቶቹ መሠረት የሚጥለው ትምህርት ቤትም ከዚያው ቅርብ ነው፤ በ2002 የተመሠረተው የዳው አገሮች ሙዚቃ አካዳሚ ታራብን ለልጆች ያስተምራል።

ፌስቲቫሉ በየዓመቱ የሚቆመው በጭንቅ ነው። ከዲሴምበር 2009 እስከ ማርች 2010 ከዋናው ምድር የሚመጣው የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጦ ዛንዚባር ለሦስት ወር ገደማ በጨለማ ቆየች፤ የ2010ሩ ፌስቲቫል ግን በጄኔሬተር ተካሄደ። ጨለማው ያላስቆመውን የገንዘብ እጥረት አስቆመው፤ በ2016 ድጋፍ ስላልተሟላ ፌስቲቫሉ ጭራሽ አልተካሄደም። የቲኬት ሽያጭ ብቻውን ወጪውን አይሸፍንም። የአገሬውን ሰው ዋጋ ከፍ ማድረግ አንድ መፍትሔ ይመስል ነበር፤ አዘጋጆቹ ያንን አልመረጡም፤ በዚህም ልክ ነበሩ። በ2017 መድረኩ ተመልሶ ተተከለ። በ2021፣ ዓለም በኮሮና ምክንያት ዝም ባለበት ወቅት፣ አጠር ብሎ ለሁለት ቀናት ተካሂዷል።

ሌሊቱ ሲያልቅ ሰው በጠባቡ የምሽጉ በር ተጣብቦ ወደ ፎሮዳኒ ይወጣል። የሻጮቹ ከሰል አመድ ለብሷል። በውስጥ ደግሞ ቃኑኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወደ ማኅደሩ ይገባል፣ የሳንዱኩ ገመድ ከእንጨቱ ይፈታል፣ የነገው ባንድ ለድምፅ ሙከራ የሚመጣበት ሰዓት ይነገራል።