ስለ ዶላርና ሪያል በደሴ የሚወሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ መናኸሪያ የምንዛሪ ወሬ የማይነሳበት ቦታ የለም። በወሎ ብዙ ቤት ከዓረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ይደጎማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ወሬው ባሰበት። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ወራት ከ120 ብር አለፈ። ሰው ቢደናገጥ አይፈረድበትም። ግን ከሚወራው ውስጥ ብዙው ስህተት ነው፤ በስህተቱ የሚጎዳውም ልጁን ሰው አገር ልኮ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው።

«ዶላር እጥፍ ከሆነ ሁሉም ነገር እጥፍ መሆን አለበት»

ሰኞ ገበያ ብትሄዱ ይህንኑ ነው የምትሰሙት። ጥናት የሚለው ግን ሌላ ነው። በርስታይን፣ አይከንባውም እና ሬቤሎ የተባሉ ሦስት ኢኮኖሚስቶች ገንዘባቸው ክፉኛ የወደቀባቸውን አምስት አገሮች መርምረዋል። አርጀንቲና፣ ብራዚል፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሜክሲኮና ታይላንድ ናቸው። በሁሉም ዋጋ ጨምሯል፤ ግን ከምንዛሪው በጣም ባነሰ መጠን። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ዶላር ከሦስት እጥፍ በላይ ሲወደድ የዓመቱ የዋጋ ንረት 41 በመቶ ገደማ ነበር። ለምን? ከውጭ የመጣ ሸሚዝ እንኳ ዋጋው ውስጥ የሱቅ ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ ሒሳብና የነጋዴው ትርፍ አለበት። እነዚህ የሚከፈሉት በአገሩ ገንዘብ ነው።

እኛ ጋ ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ አስመጪ ከምንዛሪ ለውጡ በፊትም ከባንክ ዶላር አያገኝም ነበር። ከጥቁር ገበያ ገዝቶ፣ ዕቃውንም በዚያው ሒሳብ ይሸጥ ነበር። የባንኩ ዋጋ ሲዘል የእሱ ወጪ እጥፍ አልሆነም። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ይለያሉ። እነሱ በባንክ ዋጋ ይገቡ ስለነበር ጫናው በእርግጥም አርፎባቸዋል። ያም ሆኖ ለውጡን በተከተሉት ወራት የአገሪቱ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ20 በመቶ በታች ነበር።

ኑሮ አልከበደም እያልኩ አይደለም። ደመወዙ ባለበት ለቆመ ሰው 17 በመቶም ቤት ያናጋል። ግን በአገር ውስጥ ሽንኩርት ላይ «ዶላር ጨምሯል» ብሎ እጥፍ የሚጠይቅ ነጋዴ ምክንያቱ ዶላር አይደለም።

«ዶላሩን ያስወደዱት ደላሎች ናቸው»

ደላላ በባንክና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለውን ክፍተት ይበላበታል እንጂ አይፈጥረውም። ባንክ ዶላር የሚሸጠው ፈላጊው ሊከፍል ከሚችለው በታች ከሆነ ለሁሉም አይበቃም። ወረፋ ይመጣል። ወረፋው ያልደረሰው ጨምሮ ከውጭ ይገዛል። ደላላ ሲታሰር ሥራው ይበልጥ ያሰጋል፤ ያ ስጋትም ዋጋው ላይ ይጨመራል። ከሐምሌ 2016 በኋላ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው ልዩነት መጀመሪያ በጣም ጠበበ፤ ቆይቶ ግን እንደገና ሰፋ። ልዩነቱን የሚያጠበው ባንክ የሚያቀርበው ዶላር መብዛቱ ነው።

«ብር ሲረክስ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ወዲያው ይጠቀማሉ»

በከፊል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት የታሰበ ነው። ልብስ ሰፍቶ የሚልክ ፋብሪካ ጨርቁንና ዚፑን ከውጭ ካስገባ የሚከፍለው በዶላር ነው። የሚቀልለት በብር የሚከፍለው ደመወዝና መብራት ብቻ ነው። ኢኮኖሚስቷ ጊታ ጎፒናትና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት ደግሞ የዓለም ንግድ ትልቅ ድርሻ ዋጋ የሚቆረጠው በዶላር ስለሆነ፣ ብር ወደቀ ተብሎ የውጭው ገዢ የሚያየው ዋጋ ወዲያው አይቀንስም። ስለዚህ ትዕዛዝም በአንዴ አይጨምርም። እንደ እኔ፣ ከምንዛሪው ይልቅ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከምትሰጠው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ መውጣቷ ይበልጥ ጎድቷቸዋል።

«ሪያል ከዶላር በላይ ሊጨምር ነው፣ ጠብቁ»

አይጨምርም። ሳዑዲ ሪያልን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል እንዲመነዘር አድርጋ አስራዋለች። የኤምሬቶች ድርሃምም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 እንደታሰረ ነው። ዶላር በባንክ 120 ብር ከሆነ ሪያል 32 ብር አካባቢ ነው። 120ን ለ3.75 ማካፈል ነው፤ ስልካችሁ ላይ ይሠራል።

«እከሌ የነገውን ዋጋ ያውቃል»

እ.ኤ.አ. በ1983 ኢኮኖሚስቶቹ ሪቻርድ ሚዝና ኬኔት ሮጎፍ የዘመኑን የኢኮኖሚ ቀመሮች ፈተኗቸው። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የዋና ዋና ገንዘቦችን ምንዛሪ በመተንበይ «ነገም እንደዛሬው ነው» ከሚል ተራ ግምት የበለጠ ቀመር አልተገኘም። ያን ውጤት ለመሻር ከ40 ዓመት በላይ ብዙ ተሞክሯል። ለአጭር ጊዜ ትንበያ ዛሬም አስተማማኝ መልስ የለም። ብር ትንሽ ይለያል። የጥቁር ገበያው ልዩነት ሲሰፋ የባንኩ ዋጋ ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት ይቻላል። መቼና በስንት የሚለውን ግን ሻይ ቤት የተቀመጠ ወዳጃችሁ አያውቀውም።

እህታችሁ ከጅዳ ልትልክ ስትል «ቆይ ይጨምራል» ብላችሁ ከማስጠበቅ ሒሳቡን ብታወዳድሩ ይሻላል። ከሰሃራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች 200 ዶላር ለመላክ በአማካይ ወደ 8 በመቶ ወጪ አለው፤ ከአንዱ የገንዘብ አስተላላፊ ወደ ሌላው ደግሞ ይለያያል። የምንዛሪውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ክፍያው ሁሉ ተቀንሶ እናንተ እጅ የሚገባውን ብር ጠይቁ።