ስሙን ይዞ ቤቱን ፍለጋ፦ ዲኤንኤስ ምንድን ነው?

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ወርዳችሁ የዘመድ ቤት ፈለጋችሁ እንበል። ስሙን ታውቃላችሁ፣ ቤቱን ግን አታውቁትም። ሰው መጠየቅ የግድ ነው። የጠየቃችሁት ሰው መልስ ካዘገየ እዚያው ቆማችሁ ትቀራላችሁ። መንገዱ ግን ምንም አልሆነም።

ዲኤንኤስ ማለት ያ የሚጠየቀው ሰው ነው። ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የምንከፍትበት መተግበሪያ) የድረ ገጹን ስም ይነግረዋል፤ እሱ ቁጥሩን፣ ማለትም አይፒ አድራሻውን ይመልሳል።

ድረ ገጽ ለመከፈት ሲዘገይ ችግሩ የዲኤንኤስ መሆኑ በምን ይታወቃል? ገጹ ለጥቂት ሰከንዶች ባዶ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ከች ካለ ተጠርጣሪው ዲኤንኤስ ነው። ፎቶው እየተንጠባጠበ የሚመጣ ከሆነ ግን ኔትወርኩ ራሱ ነው፤ ዲኤንኤስ መቀየር ምንም አይፈይድም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሲከፍቱት ቢፈጥንም አይግረማችሁ፤ ስልኩ መልሱን ለጊዜው ይይዘዋል።

ችግሩ የዲኤንኤስ ከመሰላችሁ መጀመሪያ ራውተሩን (ዋይፋይ የሚሰጠውን ሳጥን) አጥፍቶ ማብራት ነው። ካልሆነ በዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤሱን ወደ ጉግሉ 8.8.8.8 ወይም ክላውድፍሌር ወደሚባለው ኩባንያ 1.1.1.1 ቀይራችሁ ሞክሩ። አንድሮይድ 9 ላይ የመጣው «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ግን ቁጥር አይቀበልም፣ የዲኤንኤስ አገልግሎቱን ስም ነው የሚፈልገው። እዚያ ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳታችሁ ገጽ የሚባል ጭራሽ አይከፈትም።